አርባ ስምንት ሰዓት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ዕድርተኛን ሕገ መንግሥት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ የራሳችንን ደንብ እንመልከት። ዳኛችን የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ካልፈረሙ ከዕድሩ ገንዘብ አንዲት ብር አያወጡም። ይህን የወሰንነው እሳቸውን ጠርጥረን ሳይሆን፣ ገደብ የሌለው ሥልጣን ደጉንም ሰው ስለሚያሳስት ነው። ሕገ መንግሥትም ይኸው ነው፤ የመንግሥት መተዳደሪያ ደንብ።

ዛሬ ከዚህ ደንብ አንዱን ብቻ ላንሣ፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1948 ዓ.ም በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነበረ፤ በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደገመው፤ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 አስፍሮታል። ከሰዓቱ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ ነው።

ግን ወረቀት ብቻውን አያድንም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ሕገ መንግሥቱን አገደ። ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ባለሥልጣኖችና መኮንኖች፣ ያለ ፍርድ ተገደሉ። «የትልልቆቹ ጉዳይ ነው» ብሎ ያለፈው ብዙ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ቀይ ሽብር ከየቤቱ ገባ። የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብ ነበር። ማልቀስ እንኳ ተከለከለ። ዕድር ድንኳኑን እንደ ጠቀለለ፣ ጎረቤቱን መቅበር ያልቻለበት ዘመን ነው። ታዲያ አያገባንም ወይ?

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የ48 ሰዓቱ መብት ሊገደብ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን አንቀጽ 93 የታሰሩት ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲሆን ያዛል። ሰው በድብቅ እንዳይጠፋ ነው እኮ!

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ሰው ሲሞት ሁላችንም እንወጣለን። የአባል ልጅ ሲያዝ ግን እናትየዋ ስንቋን ይዛ ብቻዋን ከጣቢያ ጣቢያ ትዞራለች። እኛ ደጃችንን ዘግተን በመስኮት እናያለን። እኔም አይቻለሁ፤ አፍሬበታለሁ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የአባል ቤተሰብ ሲያዝ ሁለት ሽማግሌዎች አብረው ይሂዱ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ፤ የት እንዳለና ለምን እንደተያዘ በትሕትና ይጠይቁ። ዘመድና ወዳጅ ታሳሪን እንዲጠይቅ አንቀጽ 21 ይፈቅዳል። ሰዓቱ ካለፈ አካሉ ነጻ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል፤ እሱ ባይችል ሌላ ሰው ያመለክትለታል።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። እነዚያው አባቶች ግን «በሕግ አምላክ!» ከተባሉ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። የፊተኛውን እንተወው፤ የኋለኛውን አንርሳ።