ስም የሌለው ችግኝ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በመርካቶ፣ በሰባተኛ በኩል አልፎ ፖም የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ የዝርያውን ስም የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይህ ገዢውን አይጎዳውም፤ ፍሬው ካልጣፈጠው በማግስቱ ሌላ ይገዛል። ችግኝ ገዝቶ የተከለው ገበሬ ግን የተሳሳተ መሆኑን የሚረዳው ከዓመታት ድካም በኋላ ነው።

የፖም ዘር ቢተከል እናቱን የሚመስል ዛፍ አያበቅልም። «ግራኒ ስሚዝ» የተባለው አረንጓዴ ፖም እ.ኤ.አ. በ1868 ገደማ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ አጠገብ፣ በማሪያ አን ስሚዝ ይዞታ ሳይታሰብ የበቀለ ነው። ዝርያው እስከ ዛሬ የኖረው ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ከሌላ ዛፍ ሥር ጋር እየተጣበቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ ከነስሙ በመተላለፉ ነው።

ወደ ጨንቻ፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ወደሚገኘው የጋሞ ደጋ፣ ፖም የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት ነው፤ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንም በማስፋፋቱ ብዙ ደክማለች። ከ2500 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ብርዳማ ምድር ግራኒ ስሚዝ፣ አና፣ ዶርሴት ጎልደንና ክሪስፒን ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ይለማሉ።

የእነዚህ ዛፎች ጠባይ ግን አንድ አይደለም። በእስራኤል የተገኘው አና በጥቂት ብርድ ያብባል፤ ግራኒ ስሚዝ ከዚያ የበለጠ ብርድ ይሻል። ብርድ ያነሰው ዛፍ እንቡጡ ዘግይቶና ተበታትኖ ይፈነዳል፤ ፍሬውም ይሳሳል። አና ብቻውን ቢተከል በቂ ፍሬ ስለማይዝ፣ አብሮት የሚያብብ እንደ ዶርሴት ጎልደን ያለ ጎረቤት ያስፈልገዋል። የክሪስፒን የአበባ ብናኝ ደግሞ ለሌላው ዛፍ አይረባም፤ ስለዚህ ክሪስፒንን ለአና ጎረቤት አድርጎ የተከለ ሰው የደከመው በከንቱ ነው።

ለብዙ የጨንቻ ገበሬ የችግኝ ሽያጭ ዋነኛ ገቢ ሆኖ ቆይቷል፤ ችግኙም ወደ ሌሎች ደጋ አገሮች ተጉዟል። ችግኝ እጅ በለወጠ ቁጥር ስሙ ሊጠፋ ይችላል፤ ስሙ ከጠፋ ደግሞ የሚስማማውን ከፍታም ሆነ ጎረቤት መምረጥ አይቻልም።

ስለሆነም በየችግኝ ጣቢያው የታወቁ እናት ዛፎች ለብቻቸው ተከልለው ሊጠበቁ፣ በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ የዝርያውም ሆነ የሥሩ ስም ሊንጠለጠል፣ ለገዢውም የጎረቤቱ ዝርያ ሊነገረው ይገባል። የስም ወረቀት ወጪው ጥቂት ነው፤ ወረቀቱ የጎደለበት ገበሬ ግን የሚከፍለው መሬቱንና ዓመታቱን ነው።