መንገዱ ይምጣ፤ በየት በኩል ይለፍ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በካንጋተን የቀረበ ንግግር)



በካንጋተን የመንገድን ጥቅም ለማስረዳት ንግግር አያስፈልግም። የኛንጋቶም ሕዝብ በኦሞ ላይ ድልድይ እስኪሠራለት ድረስ ከብቱን እያዋኘ፣ እህሉንና በሽተኛውን በእንጨት ጀልባ እያሻገረ የኖረ ሕዝብ ነው። መንገድ በሌለበት ከብት በቅናሽ ይሸጣል፣ ዘር ዘግይቶ ይደርሳል፣ ወላድ በጉዞ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ መንገድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ጥያቄው በየት በኩል ይለፍ የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ የሰጡት ሾፌሮች ናቸው። ከጂንካ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ኦሞ የሚወርደው የቆየ መንገድ በካርታ ላይ ሲታይ አጭር ነው። ነገር ግን በኔሪና በማጎ ወንዞች አካባቢ ያለው ጥቁር የመረሬ አፈር ዝናብ ሲነካው መኪና ይውጣል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሾፌር በዲመካና በቱርሚ በኩል መዞርን መርጧል። አጭሩ መንገድ በጭቃ ሦስት ቀን ካሳደረ፣ አጭርነቱ የካርታ ብቻ ነው።

የመንገድ ቅየሳ ባመዛኙ የሚካሄደው በበጋ ነው፤ መኪና መግባት የሚችለው ያን ጊዜ ነውና። በጥርና በየካቲት የኦሞን ዳርቻ የሚመለከት ባለሙያ የሚያየው የተሰነጣጠቀ አፈር፣ የተጋጠ ሣርና የከብት ዱካ ነው። ቦታው ሜዳ ነው፤ ቋጥኝ መፈርከስ አይጠይቅም፤ መሥመሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይሁን እንጂ ኦሞ የሚሞላው በካንጋተን ዝናብ አይደለም። በጊቤና በጎጀብ ተፋሰስ፣ በጅማና በከፋ ደጋ የዘነበው ዝናብ በነሐሴና በመስከረም ቁልቁል ሲደርስ ነው የሚሞላው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ሊወጣ ይችላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ የደረሰው ጎርፍ 364 ሰዎችን መግደሉ የሚታወስ ነው። ይህን የመሰለ ነገር በበጋ የመጣ ቀያሽ ከመሬቱ ላይ አያነበውም፤ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ የወንዙን ባሕርይ ለውጦታል። ዓመታዊው ሙላት በመቀነሱ፣ ጎርፉ ሲሸሽ በእርጥቡ ደለል ላይ ማሽላ፣ በቆሎና አደንጓሬ ይዘራበት የነበረው የውኃ ሽሽ እርሻ ክፉኛ ተጎድቷል። «እንግዲህ ረግረጉ ከቀነሰ መንገዱ ቢያልፍበት ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ግድቡ ከተሠራም በኋላ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በታችኛው ኦሞ በዳሰነች የደረሰው ጎርፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። ሁለተኛ፣ እርጥብ መሬት ባነሰ ቁጥር የቀረው ዋጋ ይጨምራል። በድርቅ ዓመት ሌላው ግጦሽ ሁሉ ሲያልቅ ላም የምትቆመው እዚያ ነው።

መንገድ በረግረግ ላይ ሲያልፍ ከመሬቱ ከፍ ተደርጎ በሙሌት አፈር ይሠራል። ይህ ሙሌት ማንም ሳያስበው ግድብ ይሆናል። በረግረግ ውስጥ ያለ ውኃ እንደ ወንዝ በአንድ ቦይ አይወርድም፤ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ በዝግታ ነው የሚሄደው። በጥቂት ቱቦዎች ብቻ እንዲያልፍ ሲገደድ ከላይ ያለው ማሳ በውኃ ይታፈናል፣ ከታች ያለው ግጦሽ ይደርቃል፣ በቱቦው አፍ ላይ ደግሞ ውኃው ጉልበት አግኝቶ መሬቱን ይቦረቡራል። ለሙሌት አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ ውኃ ያቁራል፤ የወባ ትንኝም ይፈለፈልበታል። መንገዱም ቢሆን አይተርፍም። የመረሬ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና በላዩ የተነጠፈው ጠጠር ወይም አስፋልት አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወድቃል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጥገና ነው።

እርግጥ ነው፣ ረግረግን ሁሉም ይወደዋል ማለት አይደለም። በማጎ ቆላ ገንዲ ስንት ከብት እንደፈጀ አርብቶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቃል። ወባ አለ፣ አዞም አለ። «ይድረቅና እንገላገል» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን የመንገድ ሙሌት ረግረግን ለእርሻ በሚመች መንገድ አያደርቀውም። እርጥበቱን ከሚፈለግበት ወስዶ በማይፈለግበት ያቁረዋል እንጂ።

የመንገድ መሥመር ጥያቄ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ቦታው ረግረግ ሳይሆን ተራራ ቢሆንም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ትምህርት አለው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከደባርቅ ተነሥቶ የዋልያን መኖሪያ እያቋረጠ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ነበር። የጃናሞራ ገበሬም መንገድ ያስፈልገው ነበር፤ ያን የሚክድ የለም። ስሕተቱ አማራጭ መሥመር የተፈለገው መንገዱ ከተሠራ በኋላ መሆኑ ላይ ነው። ፓርኩ ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ መንግሥት ለዚያ መንገድ አማራጭ ለመፈለግ የገባው ቃል ነበር። ከ20 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ ያለን መሥመር ማዛወር የእርሳስና የላጲስ ሥራ ነው፤ የተሠራን መንገድ ማዛወር ግን ሌላ መንገድ መሥራት ነው።

አስቀድሞ የተዛወረ መንገድ ደግሞ በፖላንድ ይገኛል። በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ የምትገኘው የኦገስቶው ከተማ ነዋሪዎች በመሀል ከተማቸው ቀንና ሌሊት በሚያልፉ ከባድ የጭነት መኪኖች ተማርረው ነበር። መንግሥት ከከተማዋ ውጭ የሚያልፍ አውራ ጎዳና አቀደ፤ መሥመሩ ግን የሮስፑዳ ሸለቆን ረግረግ የሚያቋርጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ክረምት የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች በብርድ ውስጥ ድንኳን ተክለው ተቃወሙ፤ ጉዳዩም እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። የከተማዋ ሰዎች በተቃዋሚዎቹ መቆጣታቸው አልቀረም፤ የሚያዩት አደጋ በየደጃቸው ነበርና። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2009 በራችኪ በኩል የሚዞር መሥመር ተመረጠ፤ መንገዱም እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈተ። የጭነት መኪኖቹ ከከተማዋ ወጡ፣ ረግረጉም አለ። ክርክሩ የወሰደው ዓመታት ግን መሥመሩ ከመነሻው ከነዋሪው ጋር ቢታይ ኖሮ ሊቀሩ የሚችሉ ነበሩ።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሕግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ እንዲመክር ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይም ፕሮጀክቱ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ችግሩ የሚታየው በስብሰባው አካሄድ ላይ ነው። «መንገድ ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጁን የማያወጣ የለም። ቃለ ጉባዔው «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ብሎ ይዘጋል። ካርታው ግን ጠረጴዛ ላይ አልተዘረጋም።

ለወረዳው አመራር ከባዱ ነገር ዋጋ ነው። የሚዞር መሥመር ኪሎ ሜትር ይጨምራል፣ ኪሎ ሜትር ደግሞ በጀት ነው። ይህ ትክክለኛ ሥጋት ነው። ሆኖም ሁለቱን መሥመሮች ሲያነጻጽሩ ርዝመትን ብቻ ማስላት አይበቃም። የሙሌቱ ብዛት፣ የቱቦውና የድልድዩ ቁጥር፣ በየክረምቱ የሚወጣው የጥገና ወጪ፣ መንገዱ ተዘግቶ የሚውልባቸው ቀናትም አብረው መደመር አለባቸው። በረግረጉ ዳር ያለውን ከፍ ያለ ጠጠራማ መሬት ተከትሎ የሚሄድ መሥመር ያን ጊዜ ውድ ላይሆን ይችላል።

የዩኒየኑ አባል ማኅበራት በዚህ ረገድ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ በእጃቸው አለ። ውኃው በ1998 የደረሰበትን ቦታ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ፤ በዛፍ ግንድ ላይ ጠቁመው ያሳያሉ። የትኛው ግጦሽ እስከ መጋቢት እንደሚያደርስ፣ ዓሣ የሚገባበት ገባር የትኛው እንደሆነ፣ ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት መሻገሪያ የት እንደሆነ እናቶችና እረኞች ያውቃሉ። ይህ ሁሉ በቀበሌ በቀበሌ ተጽፎ፣ በንድፍ ተመልክቶ፣ በማኅበሩ ማኅተም ተረጋግጦ አንድ ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ቅጂ በዩኒየኑ ቢቀመጥ፣ ቀያሽ በመጣ ቀን የሚሰጠው ወረቀት ዝግጁ ይሆናል። አንድ ሽማግሌና አንድ እረኛ አብረውት እንዲሄዱም አስቀድሞ ቢመደብ፣ ችካሉ ከመተከሉ በፊት «እዚህ ውኃ ነው» የሚለው ሰው ከጎኑ ይኖራል።