አቦልን ያየው የለም

 

በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ቡና የምትባል ኮከብ አለች፤ የሚዞራት ፕላኔት ደግሞ አቦል ይባላል። ስሞቹ በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮችን ስም አውጡ ብሎ በጋበዘ ጊዜ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። የቡና ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 200 ዓመት ግድም ይፈጅበታል፤ ዛሬ ማታ የሚደርሰን ጮራ ከዚያ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ሳሉ ነው። ኮከቧ በባዶ ዓይን አትታይም፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ ግን በባይኖኩላር ትገኛለች።

አቦልን ግን ያየው የለም። ፎቶ እንኳ የለውም። ሆኖም አንዱን ዙር ለመጨረስ 990 ቀን ያህል እንደሚፈጅበት፣ ክብደቱም ቢያንስ ከጁፒተር አራት እጥፍ እንደሚበልጥ እናውቃለን። ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት አመጣነው?

ከቡና ብርሃን ነው። ፕላኔት ኮከቡን ይዞራል ስንል የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የምንናገረው። ፕላኔቱ ኮከቡን በስበት ስለሚጎትት፣ ኮከቡም በበኩሉ ጠበብ ያለች ዙር ይዞራል። ስለዚህ ቡና አንድ ሰሞን ወደ እኛ ጠጋ ትላለች፣ ሌላ ሰሞን ትሸሻለች።

የኦስትሪያው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ፕራግ ላይ እንዳስረዳው፣ የሞገድ ምንጭ ሲቀርበን ሞገዱ ይጨመቃል፣ ሲርቀን ይለጠጣል። በ1845 ሆላንዳዊው ቡይስ ባሎት ነገሩን በድምፅ ሊፈትን ዩትሬክት አጠገብ ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ ጫነ፤ ጆሯቸው የሰላ ሙዚቀኞችንም በሐዲዱ ዳር አቆመ። ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ ቀጠነ፣ ሲያልፍ ወፈረ። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ኮከቡ ሲቀርብ ሞገዱ ወደ ሰማያዊው ወገን፣ ሲርቅ ወደ ቀዩ ወገን ይንሸራተታል።

ይህ ማለት ግን ቡና ቀለሟን ትለውጣለች ማለት አይደለም። አቦል እየጎተተ የሚሰጣት ፍጥነት በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ነው። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ የሞገዱ ለውጥ ከሦስት ሚሊዮን እጅ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው። የኮከብ ብርሃን በመሣሪያ ሲበተን በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታዩበታል፤ በኮከቡ ከባቢ አየር ያሉት ብረት፣ ካልሲየምና ሶዲየም ብርሃኑን የዋጡባቸው ቦታዎች ናቸው። እነዚያ መስመሮች በካሜራው ላይ የሚንቀሳቀሱት የአንዲት ፒክሰል ጥቂት ክፍልፋይ ያህል ነው። አንዱን መስመር ብቻ ይዞ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ሺዎቹ በአንድነት ሲለኩ ነው ለውጡ የሚለየው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው። የምንለካባት መሬት ራሷ አታርፍም። ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ ይህም የቡና ፍጥነት 300 እጥፍ ነው። በራሷ ዛቢያ ላይ መሽከርከሯም አለ። ይህ ሁሉ በትክክል ተሰልቶ መቀነስ አለበት። መሣሪያውም አይታመንም፤ የክፍሉ ሙቀት ትንሽ ቢለወጥ መስመሮቹ ከቦታቸው ይሸሻሉ። ስለዚህ የካሊፎርኒያው የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ሰዎች የኮከቡን ብርሃን የአዮዲን ተን በታሸገበት የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አሳለፉት። አዮዲኑ የራሱን መስመሮች በኮከቡ መስመሮች ላይ ያትማል፤ የአዮዲኑ ቦታ ስለሚታወቅ መሣሪያው ሲያዛባ ወዲያው ይጋለጣል። የአቦል መገኘት በ2009 የተነገረው በዚህ መንገድ ነው። የራስን ሩጫ፣ የመሣሪያንም ስሕተት ሳይቀንሱ የሌላውን እንቅስቃሴ አያለሁ ማለት ዘበት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቁጥር ብዙ ይናገራል። የቡና ፍጥነት ለረዥም ጊዜ ዝግ ብሎ ሲለወጥ ይቆይና፣ ከዚያ በአጭር ጊዜ ይገለበጣል። የአቦል ምህዋር ክብ ቢሆን ኖሮ ለውጡ ወጥ በሆነ ነበር። ስለዚህ ምህዋሩ የተለጠጠ ነው፤ ፕላኔቱ ሲቀርብ ቬነስ ለፀሐይ የምትቀርበውን ያህል ይቀርባል፣ ሲርቅ ደግሞ ማርስ ለፀሐይ ካለው ርቀት አልፎ ይሄዳል። ስለ ክብደቱ "ቢያንስ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የምንለካው ወደ እኛና ከእኛ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ምህዋሩ ጋደል ያለ ከሆነ ከፊሉ ያመልጠናል፣ አቦልም ከምናስበው ይከብዳል።

በዚህ ዘዴ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያው ፕላኔት የተገኘው እዚያው በአንድሮሜዳ ጉርብትና፣ በፔጋሰስ ውስጥ ነው። የጄኔቫው የዶክትሬት ተማሪ ዲዲየ ኬሎ፣ በፈረንሳይ ኦት ፕሮቫንስ በሰበሰበው ልኬት ውስጥ በአራት ቀን የሚመላለስ ለውጥ አገኘ። ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ግድም ሲፈጅበት፣ ይህን የሚያህል ፕላኔት በአራት ቀን? በመጀመሪያ የጠረጠረው መሣሪያውን ነው። እሱና መምህሩ ሚሼል ማዮር ቸኩለው አልተናገሩም፤ ኮከቡ በሌሊት ሰማይ ላይ ዳግም እስኪታይ ጠብቀው፣ በሐምሌ 1995 የለኩትን አስቀድመው ካሰሉት ጋር አመሳከሩ። ገጠመ። ያን ዓመት በጥቅምት ፍሎረንስ ላይ ለዓለም ተናገሩ፤ የኖቤል ሽልማቱንም የተካፈሉት አቦል ስሙን ባገኘበት በ2019 ነው።

የቀረው ከባዱ ጉዳይ መሬትን የመሰለች ፕላኔት ማግኘት ነው። መሬት ፀሐይን የምታንቀሳቅሰው በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የኮከብ ገጽ ደግሞ እየፈላ የሚወጣና የሚወርድ ጋዝ ነው፤ የጋዙ ፍጥነት ያንን 9 ሳንቲ ሜትር ይውጠዋል። እንግዲህ አሁን መቀነስ ያለበት የኮከቡ የራሱ መናወጥ ነው። ለዚህም በካናሪ ደሴቶች፣ ላ ፓልማ ላይ፣ ማታ ማታ ሩቅ ከዋክብትን የሚለካው ሃርፕስ-ኤን የተባለው መሣሪያ ከ2015 ጀምሮ ቀን ቀን በአንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ በኩል የእኛኑ ፀሐይ እንደ ሩቅ ኮከብ ቆጥሮ ይለካታል። ተመራማሪዎቹ ከዚያ ብርሃን ውስጥ የቬነስን ጉተታ ለይቶ ለማውጣት እየሠሩ ነው፤ ቬነስ የት እንዳለች ስለምናውቅ መልሱን ማመሳከር ይቻላል።