ዋርካን በብረት ስለ መደገፍ



የቆቦ-ግራና ሸለቆ በእኛ ሙያ ዘንድ የሚታወቀው በጉድጓድ ውሃውና በመስኖው ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ግራና ላይ ስላለ አንድ ዋርካ ነው። ከጥላው ሥር ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ያደርቃል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ ያርፋል። ይህ ዛፍ ቢወድቅ ሸንጎ ፈረሰ ማለት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ወደ አገሬ በተመለስኩበት ዓመት፣ ግንዱ ለሁለት በሚከፈልበት ባላ ላይ ስንጥቅ ታየ። ሁለቱ ግንዶች ተጠጋግተው ሲያድጉ በመካከላቸው ቅርፊት ተጨምቆ ስለ ቀረ እንጨቱ አልተያያዘም ነበር። ሽማግሌዎቹ «ልጃችን፣ ተምረሃልና አንድ መላ በለን» አሉኝ። እኔም ከባላው ጥቂት ከፍ ብዬ ሁለቱን ግንዶች በወፍራም ሽቦ ጠምጥሜ አጠበቅሁ፤ ተመረቅሁም። ከዓመታት በኋላ ስመለስ ሽቦው ቅርፊቱን በልቶ ጠልቆ ነበር። በዚያው ክረምት አንድ ሌሊት ነፋስ ተነሥቶ አንደኛውን ግንድ ጣለው፤ የተሰበረውም ልክ በሽቦዬ ላይ ነበር። ከሥሩ ሰው ያልተገኘው በፈጣሪ ቸርነት እንጂ በእኔ ስሌት አይደለም።

ስሕተቴ ሁለት ነበር። አንደኛው ከፍታው ነው። ባላውን የሚገነጥለው ሞመንት 12 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው እንበል። በቀጥታ ማዕዘን የሚስብ ገመድ ከባላው 2 ሜትር ላይ ቢታሰር 6 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል፤ 6 ሜትር ላይ ቢታሰር ግን 2 ብቻ። ስለዚህ የብረት ገመድ የሚታሰረው ከባላው እስከ ጫፍ ካለው ርቀት በሁለት ሦስተኛው ገደማ ላይ ነው። ይህን ስሌት ማንኛችንም እናውቀዋለን፤ እኔ ግን ለዛፍ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

ሁለተኛው መጠምጠሜ ነው። ምሰሶ አይወፍርም፤ ዛፍ ግን ይወፍራል፤ ቅጠሉ የሚሠራው ምግብም ወደ ሥሩ የሚወርደው በቅርፊቱ በኩል ነው። ስለዚህ ግንዱ በትራፓኖ ተበስቶ ብሎን ይተላለፍበታል፤ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራል፤ ገመዱም ከብሎኑ ጋር ይያያዛል። መብሳት ጉዳት አይደለምን? ነው። ነገር ግን አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፣ ዛፍ ቁስሉን አጥሮ ከጤናማው እንጨት ይለየዋል። ውስጡ የበሰበሰ ግንድ ግን ብሎን አይዝም።

የቀረው ግንድ ወደ አንድ ወገን ስላዘነበለ፣ በመጀመሪያ የጫፉን ክብደት በመግረዝ አቃለልን፤ ቀጥሎም በኮንክሪት መሠረት ላይ የብረት ምርኩዝ አቆምንለት። ለዋርካ ዘር ምርኩዝ እንግዳ አይደለም። በካልካታ አጠገብ ያለው የዋርካ ዘመድ ታላቁ ባንያን ዋና ግንዱ በሻጋታ ታሞ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ከተቆረጠ ወዲህ የሚኖረው ከቅርንጫፎቹ ወርደው መሬት በተከሉ ሥሮቹ ተደግፎ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ! ብረት ያሰረ ሰው በየዓመቱ ሊመለስ ግዴታ ገብቷል። እኔ ከክረምት በፊት ግራና እወርዳለሁ፤ ብሎኑን፣ ምርኩዙንና ስንጥቁን እመረምራለሁ። እናንተም በየአገራችሁ ሽማግሌ የሚቀመጥበትን ዛፍ ቀና ብላችሁ እንድትመለከቱ እለምናለሁ።