ጭራቁ ለምን አልሞተም?



በቅርቡ አንዲት እናት ቢሮዬ መጥታ «ልጄ ሌሊት እየባነነ አላስተኛኝ አለ» አለችኝ። ታሪኩን በፈቃዷ፣ ስሟን ሳልጠራ እነግራችኋለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ከጎረቤት ልጆች ጋር አስፈሪ ፊልም አይቶ ኖሯል። ይበልጥ ያስጨነቀው መጨረሻው ነው። «እማዬ፣ ጭራቁ ለምን አልሞተም?» እያለ ይጠይቃታል። እኔም ፊልሙን ፈልጌ አየሁት።

ፊልሙ «ዘ ባባዱክ» ይባላል። ጄኒፈር ኬንት የተባለች አውስትራሊያዊት ሠርታው በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። አሚሊያ የምትባል ሴት ምጥ ይዟት ባሏ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዳት በመኪና አደጋ ይሞታል። ልጇ ሳሙኤል የተወለደው በዚያው ቀን ነው። እናቲቱ ስለ ባሏ ማውራት አትፈልግም። ዕቃውን ምድር ቤት ቆልፋበታለች፤ የልጁንም ልደት በዕለቱ አክብራ አታውቅም። አንድ ምሽት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የልጆች መጽሐፍ ቤት ውስጥ ይገኛል። ባባዱክ የሚባል ጭራቅ ከመጽሐፉ ወጥቶ እናቲቱን ይይዛታል፤ የገዛ ልጇን እስከ ማነቅ ትደርሳለች። ልጁ ጉንጯን ሲዳብሳት ወደ ልቧ ትመለሳለች።

በመጨረሻ ጭራቁ ተሸንፎ ምድር ቤት ይገባል እንጂ አይሞትም። እናትና ልጅ ከአትክልት ቦታ ትል ይለቅማሉ፤ እናቲቱ በሳህን ይዛ ትወርድለታለች። ሲያጓራባት ታባብለዋለች፤ ከዚያ ወጥታ የልጇን ልደት ታከብራለች።

ይህን ሰዎች በየፊናቸው ይፈቱታል። አንዳንዶች ጭራቁ እውነተኛ ነው ይላሉ። ሌሎች መጽሐፉን የጻፈችው ራሷ ናት ይላሉ፤ ቀድሞ ለልጆች ትጽፍ እንደነበር ፊልሙ ውስጥ ይነገራልና። እኔ ጭራቁ ያልተለቀሰ ሐዘን ነው እላለሁ። መኖሪያው የሟቹ ዕቃ ያለበት ምድር ቤት ነው፤ አንድ ጊዜም በሟቹ መልክ ታይቷታል። ሐዘን አይገደልም፤ ቦታ ሲሰጡት ግን ይገራል።

ለእናትየው ይህን ነግሬ «እቤታችሁ ያልተወራ ሐዘን አለ?» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ወደዚህ ከመጡ በኋላ አባቷ ጎንደር ላይ አርፈዋል። ልጇን «አያትህ ደህና ናቸው» ትለዋለች። ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ ግን ልጁ ይሰማል።

ወገኖቼ፣ በአገራችን መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ከልጅ ደግሞ ይደበቃል። ይህን የምናደርገው ከፍቅር ነው። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በፊልሙ ልጁ «እኔስ አየው ይሆን?» ሲል እናቱ «ስታድግ» ትለዋለች። መኖሩን አልካደችም፤ እንደ አቅሙ ነገረችው። እናንተም እንደ ልጁ ዕድሜ ንገሩት። ሟቹን በስም ጥሩ፤ ተዝካር ስታወጡ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡ።

እንዲህ ያለ ፊልም ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ካዩ ግን አትሳቁባቸው፤ «ምኑ አስፈራህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንቅልፍ ማጣቱ ከበረታ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ለማህበራዊ ሠራተኛ ንገሩ።

እናትየው በማግስቱ ለልጇ ስለ አያቱ ነገረችው። «አብረን አለቀስን» አለችኝ።

ሰላም ሁኑ።