በጠራራ ፀሐይ የሚራብ ቅጠል



መሐንዲስ አንድን ፋብሪካ ሲመረምር አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ምርቱን የሚገታው የትኛው ግብአት እንደሆነ ነው። ይኸው ጥያቄ ለቅጠልም ሊቀርብ ይገባል፤ የምግብ ሁሉ መነሻ የሆነው ብርሃን አስተጻምሮ በአመዛኙ የሚከናወነው በቅጠል ውስጥ ነውና።

ሥራው በሁለት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም ብርሃንን ይቀበላል፤ በዚህም ኃይል ውሃ ተከፍሎ ኦክሲጅን ወደ አየር ይለቀቃል። ኦክሲጅኑ ከውሃ እንጂ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የማይመጣ መሆኑን ሳሙኤል ሩበንና ማርቲን ካመን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1941 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። በሁለተኛው ደረጃ የተያዘው ኃይል ከአየር የተወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር ይለውጣል። ይህን የካርቦን ጉዞ ያጠናው ሜልቪን ካልቪን እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

እንግዲህ የሚያጥረው ብርሃን ነውን? ሰማዩ በጠራ ቀን፣ በቀትር፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 1000 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። የስንዴ ቅጠል ግን ከዚህ በጣም ባነሰ ብርሃን የሥራው ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ የሚያጥረው ውሃ ነው። ለመከፈል የሚያስፈልገው ውሃ ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚጠፋው በሌላ መንገድ ነው። ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ሲከፍት በዚያው በር ውሃው ተንኖ ይወጣል። ለአንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል በመቶዎች የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎችን ይከፍላል። አፈሩ ሲደርቅም ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ሥር ቆሞ ይራባል።

ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ለዚህ ችግር መላ አላቸው። ካርቦኑን በመጀመሪያ አራት ካርቦን ባለው አሲድ መልክ ይይዙና የቅጠሉን ጅማቶች ወደከበቡት ሴሎች አሳልፈው በዚያ ያጠራቅሙታል። ስለዚህ ቀዳዳዎቻቸው ጠበብ ቢሉም ሥራው ይቀጥላል። በ30 ዲግሪ ሙቀት የዚህ ዓይነት ተክሎች ከፍተኛው የኃይል ልወጣ በስሌት ከመቶ 6 ያህል ሲሆን፣ ስንዴና ገብስ የሚገኙበት ወገን ግን ከመቶ 4.6 ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ጤፍም ቢሆን ያለ ውሃ አያፈራም። በአፈር ቦይ ሰርጎ የሚባክን የመስኖ ውሃ፣ ሳይታገድ የሚያልፍም የክረምት ጎርፍ፣ ሳይጋገር የቀረ እንጀራ ተብሎ ሊቆጠር ይገባዋል። ፀሐይን መጨመር ከመሐንዲስ አቅም በላይ ነው፤ ቅጠሉ በሩን ከፍቶ እንዲውል ማድረግ ግን የሙያው ድርሻ ነው።