አሮጌ የካራቴ ፊልሞችና ሰብሳቢዎቻቸው

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በተለምዶ «የካራቴ ፊልም» እየተባሉ የሚጠሩትን አሮጌ የሆንግ ኮንግ ፊልሞች የሚሰበስብ ሰው፣ መዛግብትን በሚጠብቁ ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ቁም ነገረኛ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ሰብሳቢው የሚሻው ታሪኩን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ታድሶ የወጣውን ጥርት ያለ ቅጂ ገዝቶ በረካ ነበር። እርሱ ግን የተቧጨረውን፣ ቀለሙ ወደ ቀይነት የተለወጠውን የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል ይመርጣል። ምርጫው ደግሞ ምክንያት አለው።

የሾው ወንድማማቾች ኩባንያ በክሊር ወተር ቤይ ባቋቋመው ስቱዲዮ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ፊልም በብዛት ሲያመርት ኖሯል። የቻንግ ቼ «ባለ አንድ ክንዱ ሰይፈኛ» በ1967፣ የላው ካር ልየንግ «የሻዎሊን 36ኛው ክፍል» በ1978 የወጡት ከዚያው ነው። ሥራዎቹ ሾውስኮፕ በተባለ ሰፊ ምስል የተነሡ ነበሩ። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ግን ምስሉ ለቴሌቪዥን እንዲስማማ ግራና ቀኙ እየተቆረጠ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ከሁለት ተፋላሚዎች አንደኛው ከምስሉ ውጭ ይቀርና ቡጢው ከየት እንደ መጣ አይታወቅም ነበር።

በ2000 ከ700 የሚበልጡት የኩባንያው ፊልሞች ሴለስቲያል ፒክቸርስ ለተባለ ድርጅት ተሸጡ፤ ከ2002 ጀምሮም እየታደሱ በዲቪዲ ወጡ። የምስሉ ጥራት የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በአንዳንዶቹ ላይ የቡጢውና የሰይፉ ድምፅ በአዲስ ተተካ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊልሞቹ ያለ ድምፅ ከተነሡ በኋላ ንግግሩም ድብደባው በስቱዲዮ ይገባላቸው ስለ ነበር፣ ያ ድምፅ ራሱን የቻለ የባለሙያ ሥራ ነው። የጥንቱ ድምፅ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ወደ አሮጌው ቅጂ መመለስ ግድ ሆነበት፤ ያ ቅጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሰብሳቢው እጅ ነው።

እርግጥ ነው፤ ከሰብሳቢዎች መካከል ብርቅነቱን እንጂ ፊልሙን የማይወድ፣ ጥቅሉን ቆልፎበት ለማንም የማያሳይ አይጠፋም። የአሴቴት ፊልም ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት እየፈረሰ እንደ ኮምጣጤ መሽተት ሲጀምር ቁልፍ አያድነውም። ቀዝቃዛና ደረቅ መጋዘን ያለው መዝገብ ቤት ነው፤ ቅጂው ያለው ግን ሰብሳቢው ዘንድ ነው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ የሚጎዳው ፊልሙ ነው።

ከ1928 እስከ 1931 በሻንጋይ በ18 ክፍሎች የተሠራው «የቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ መቃጠል» በዘመኑ ሲኒማ ቤቶችን ያጣበበ ሥራ ነበር። ሙሉ ቅጂው ዛሬ የለም።